የሚኒሞ ነገር

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 አውግስቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማ፣ በአንድ የማሽን ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የብረት ሞተር ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ዞረ። ፍጥነቱ በደቂቃ 88 ዙር ነበር። ጭነት አልጎተተም፤ ውኃ አልሳበም፤ እህል አልፈጨም። ዝም ብሎ ዞረ፤ ከዚያም ጠፋ።

እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሞተሩን የሚያዞረው ከፋብሪካው ዘንግ የተዘረጋ ቀበቶ ነበር። ሩዶልፍ ዲዝል በኋላ እንደ ተረከው፣ ነገሩን አስቀድሞ የተገነዘበው እርሱ ራሱ ሳይሆን ሊንደር የተባለው መካኒኩ ነው። ሊንደር ቀበቶውን ሲመለከት ሞተሩን ይጎትት የነበረው ወገን ላልቶ አየ፤ ፋብሪካው ሞተሩን ማዞሩ ቀርቶ ሞተሩ ፋብሪካውን መግፋት ጀምሯል ማለት ነው። ሊንደር አልጮኸም። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። ጌታው ድካሙ ፍሬ መያዙን ያወቀው ከዚያ ዝምተኛ ሰላምታ ነው።

ይህችን ደቂቃ የናፍታ ሞተር ልደት አድርገው የሚቆጥሯት አሉ። እውነት ነው፤ ይሁንና እኔን የሚገርመኝ ሌላው ወገኗ ነው። የመጀመሪያው ናፍታ ሞተር በሕይወቱ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ጭነት ሳይኖርበት መዞር፣ መጀመሪያ የታመመውም ሕመም በዚያው ሁኔታ መጥፋት ነው። የእኛ አገር መካኒኮች ይህን ሁኔታ «ሚኒሞ» ይሉታል። ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ሞተሩ የሚይዘው የመጨረሻው ዝቅተኛ ዙር ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የቀረልን ሲሆን ትርጉሙም «ትንሹ» እንደ ማለት ነው።

አሮጌ የጭነት መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ሕመም ያውቀዋል። ዳገቱን እያጓራ ይወጣል፤ ኬላ ላይ እግር ሲነሣለት ግን ቀጥ ይላል። ለማያውቀው ቀላል ነገር ይመስላል፤ «አስነሥቶ መሄድ ነው» ይላል። ነገር ግን የከባድ መኪና ሞተር ብቻውን አይጠፋም። የፍሬኑን አየር የሚሞላው በሞተሩ የሚዞር ኮምፕሬሰር ነው፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ወይም ማርሹን ነጻ አድርጎ ቁልቁለት ሲጀምር ሞተሩ ከከዳው፣ የሚቀረው አስቀድሞ የተጠራቀመው አየር ብቻ ነው። ዳገት መሐል ቆሞ ከጠፋ ደግሞ ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል። የታኮ ነገር ስንት ረዳት እግሩን እንዳስከፈለ የሚያውቅ ያውቀዋል። ባትሪውና ሞተሪኖው ከደከሙ ደግሞ ሹፌሩ ምሳውን ሲበላ፣ ጭነት ሲያራግፍ፣ አንዳንዴም ሲተኛ ሞተሩን አያጠፋም። ኑሮው በሚኒሞው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ታዲያ ጭነት ሲኖርበት የማይከዳ ሞተር ሲያርፍ የሚሞተው ስለ ምን ነው?

ባንክ ቤት የምውል ሰው በመሆኔ ነገር ሁሉ በቁጥር ሲቀመጥልኝ ይቀለኛል። እስቲ እናስላ። ስድስት ሲሊንደር ያለው አሮጌ ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 500 ጊዜ ይዞራል እንበል። እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነዳጅ ስለሚቀበል፣ ስድስቱ ሲደመሩ በደቂቃ 1,500፣ በሰዓት 90,000 ጊዜ መሆኑ ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲያጉረመርም በሰዓት 2 ሊትር ይጠጣል ብንል፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሲሊንደር የሚደርሰው 22 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በመድኃኒት ቤት ልማድ 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይባላል። እንግዲህ ያ ሁሉ ብረት ነፍሱን የሚያቆየው የአንዲት ጠብታ እኩሌታ እንኳ በማትሞላ ናፍታ ነው።

ዳገት ላይ ሲጎትት የሚቀበለው የዚህን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ድርሻ ላይ 10 ኪዩቢክ ሚሊሜትር የሚሰርቅ ጉድለት ቢኖር፣ ዳገት ላይ ከባለጸጋ ኪስ እንደ ወደቀ ሳንቲም ነው፤ ማንም አያየውም። በሚኒሞ ግን የድሃ ቤት እራት ነው። የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ የሚቀበለውን አየር ጭምር ይቀንሳል። አሮጌ ናፍታ ሞተር ግን አየሩን እንደ ልቡ እየሳበ የሚለካው ነዳጁን ብቻ ስለሆነ፣ ጠብታዋ ከተዛባች የሚያስታርቀው ሌላ ነገር የለውም።

የናፍታ ሞተር ታሪክም፣ እኔ እንደማነበው፣ በአብዛኛው ይህችን ጠብታ የመለካት ታሪክ ነው። ዲዝል ባለቤትነቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1892 ነው። ኦገስት 10 ቀን 1893 በተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ነዳጁ በሲሊንደሩ ውስጥ ተቀጣጥሎ የግፊት መለኪያውን ሰባበረው፤ ሞተሩ ግን በራሱ አልዞረም። መቀጣጠሉ ተገኘ፤ ልኩ ግን አልተገኘም። በኋላ የተያዘው ዘዴ ነዳጁን በተጨመቀ አየር እየነፉ ወደ ሲሊንደሩ ማስገባት ነበር። ዘዴው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር ሞተሩን መርምረው ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ እንደሚለውጥ መሰከሩ፤ የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነበር። ችግሩ አየሩን የሚጨምቀው መሣሪያ ግዙፍ መሆኑ ነው። ናፍታ ሞተር ስለዚህ በመርከብ ሆድና በኤሌክትሪክ ማመንጫ ቤት ተወስኖ ኖረ። ዲዝል ራሱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ሌሊት፣ ድሬስደን በተባለችው መርከብ ከአንትወርፕ ወደ ሃርዊች ሲሻገር ባሕር ላይ ጠፋ። ሞተሩ የጭነት መኪናን ዓለም ሲወርስ አላየም።

ያን የአየር መጭመቂያ ለማስቀረት መንገድ ከከፈቱት አንዱ የቤንዝ ኩባንያው መሐንዲስ ፕሮስፐር ሎራንዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ነዳጁ በቅድሚያ በአነስተኛ ክፍል ውስጥ ተቀጣጥሎ ወደ ዋናው ሲሊንደር እንዲሻገር የሚያደርግ መላ አስመዘገበ። በ1923 ቤንዝ፣ በ1924 ኤም.ኤ.ኤን. በናፍታ የሚሄዱ የጭነት መኪናዎችን አቀረቡ። ሮበርት ቦሽ ደግሞ በ1922 የነዳጅ ፖምፓ ለመሥራት ወስኖ፣ በ1927 በብዛት ማምረት ጀመረ። ዛሬም በአሮጌ መኪኖች ላይ የምናየው፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ ዘንግ በረድፍ የያዘው ፖምፓ የዚያ ዘር ነው።

ይህ ፖምፓ የሚደነቅ ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው የብረት ዘንግና ዘንጉ የሚመላለስበት ቤት ያላቸው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ ሁለት ሦስት እጅ ብቻ ነው፤ የሰው ጸጉር ከዚህ ከ20 እጥፍ በላይ ይወፍራል። ሁለቱ አብረው የተሞረዱ ጥንዶች ስለሆኑ የአንዱን ዘንግ ለሌላው ቤት መዳር አይቻልም። በዘንጉ ጎን ላይ ጠመዝማዛ ቦይ ተቀርጿል፤ ዘንጉ ትንሽ ዞር ሲል የሚገፋው ናፍታ ይበዛል ወይም ያንሳል። ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን ሲረግጥ የሚያደርገው ይኸው ነው።

እግሩን ሲያነሣስ? ያን ጊዜ ሥልጣኑ ለጎቨርነሩ ይተላለፋል። ጎቨርነር ሐሳቡ ከናፍታ ሞተር ይቀድማል፤ ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 በእንፋሎት ሞተር ላይ ሥራ ላይ አውሎታል። ሁለት ክብደቶች አብረው ይዞራሉ፤ ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይከፈቱና ነዳጁን ይቀንሳሉ፤ ሲዘገይ ይከደኑና ስፕሪንጉ ነዳጁን ይጨምራል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የክብደቶቹ ጉልበት ትንሽ ነውና ሥራቸው እጅግ ስስ የሚሆነው በሚኒሞ ጊዜ ነው። ስፕሪንጉ ከደከመ ወይም መጋጠሚያዎቹ ካረጁ፣ ሞተሩ እንደ ሰካራም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይቆይና ዝቅ ባለበት ይቀራል።

ወደ እኛ አገር ይህ ዓይነቱ ሞተር በብዛት የመጣው በሰላም አይደለም። ፊያት 634 የተባለውን የናፍታ ጭነት መኪና እ.ኤ.አ. በ1931 አወጣ፤ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የፋሺስት ጦር ስንቁንና ጥይቱን ካመላለሰባቸው መኪኖች አንዱ ይህ ነበር። በአባቶቻችን አፍ «ትሬንታ ኳትሮ» ተብሎ ቀርቷል፤ በጣሊያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱን፣ ስብርባሪውንና ቃላቱን ትቶ ሄደ። ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ናፍታ። እርግጥ ቃላቱ ሁሉ በአምስቱ የወረራ ዓመታት ብቻ የገቡ አይደሉም፤ ከነጻነት በኋላም በአሥመራና በአዲስ አበባ በቀሩት የጣሊያን ጋራዦች መፍቻ እያቀበሉ ያደጉ ልጆች ናቸው ያስፋፏቸው። አንዳንድ ሰው በእነዚህ ቃላት ያፍራል። እኔ አላፍርም። ጠላት ጥሎት የሄደውን መኪና ፈትተው የገጠሙት ሰዎች ስሙንም ማርከው ነው ያስቀሩት።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የአሰብ መንገድም የአገሪቱ ዋና የንግድ ጅማት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 ፊያት 682 የተባለውን መኪና አቀረበ፤ በ1962 ደግሞ «ኤን ትሬ» እያልን የምንጠራው ዝርያው ተከተለ። አፍንጫው የተደፈጠጠ፣ ተሳቢውን አስከትሎ ሲመጣ ከሩቅ በድምፁ የሚለይ መኪና ነው። አሰብ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት እስክትዘጋብን ድረስ ከባሕር ወደ ደጋ ሸቀጥ ሲያመላልሱ ከኖሩት መኪኖች መካከል የእርሱ ስም የሚቀድም ይመስለኛል።

ያን መንገድ በሐሳብ ተከትሎ መሄድ ስለ ሚኒሞ ብዙ ያስተምራል። መኪናው ከባሕር ጠለል ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፤ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርጎ ደብረ ሲናን ያልፍና ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ይወጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሁለቱ አገሮች አንዱን ሞተር በሁለት ዓይነት ሞት ይገድሉታል።

በረሃ ላይ ናፍታው ራሱ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። የፖምፓው ዘንግ ካረጀ ያ ስስ ክፍተት ሰፍቷልና የቀጠነው ናፍታ በጎኑ ያመልጣል። ስለዚህ ጠዋት ደህና ሆኖ ያረፈደው መኪና ቀትር ላይ ሲቆም ይጠፋል፤ ለመነሣትም ያስቸግራል። በረዶ የመሰለ ውኃ ፖምፓው ላይ ሲያፈሱበት ከተነሣ ግን ነገሩ ታውቋል ማለት ነው፤ ናፍታው ወፍሮለታል። (ትኩስ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ዕቃውን ሊሰነጥቅ ወይም ሊያጣብቅ ስለሚችል ሙከራውን አልመክርም፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።) ደብረ ብርሃን ላይ በማለዳ የሚጠፋው ደግሞ ሌላ ነው። ናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ፒስቶኑ አየሩን ጨምቆ በሚያግለው ሙቀት ነው። አየሩ ከሳሳና ከቀዘቀዘ፣ ፋሻው ወይም ቫልቩ አርጅቶ ጭምቂያው ካመለጠ ሙቀቱ አይበቃም፤ ያልተቃጠለው ናፍታ ዓይን የሚለበልብ ነጭ ጢስ ሆኖ ይወጣል፤ ሞተሩም ሞቅ እስኪለው ድረስ ደጋግሞ ይጠፋል። እንግዲህ «ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ?» የምትለው ጥያቄ ካቻቪቴ ሳይነሣ የምርመራውን ግማሽ ትጨርሳለች።

ይህችን ጥያቄ አንድ ጋራዥ ሳይጠይቃት በመቅረቱ የአጎቴ ቤት ሊናጋ ነበር። አጎቴ በአንድ አሮጌ የናፍታ ጭነት መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው። መኪናው ሲቆም መጥፋት ጀመረ። ጋራዡ በመጀመሪያ የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ዙሩን ከፍ አደረገው። ለአንድ ሳምንት ያህል የዳነ መሰለ፤ ከዚያ ከፍ ባለው ዙርም መጥፋት ጀመረ። በዚህ ጊዜ «ፖምፓው ወርዶ ይታደስ» ተባለ፤ ዋጋው የሁለት ወር የጭነት ገቢ ነው። አጎቴም ብድር ሲታሰብ ባንክ ቤት የሚሠራ ዘመድ ይፈለጋልና ወደ እኔ መጣ። ብድሩን ሳንጀምር በፊት ጡረታ የወጡ አንድ የሰፈራችን መካኒክ እንዲያዩት ለመንኳቸው። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው።

ሽማግሌው መኪናውን ሳይነኩ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ።

«ዳገት ላይ ይደክማል?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ዳገት ላይማ ምንም አይለው» አለ አጎቴ።

«ሲሞቅ ነው የሚጠፋው?»

«ጠዋት ይብሳል። አድሮ ሲነሣ ብዙ ያስለፋል፤ ተነሥቶም ቶሎ ይጠፋል።»

«ጢሱስ?»

«ሲነሣ ትንሽ ነጭ፤ ከዚያ ምንም።»

«ከመታመሙ በፊት ማን ነካው?»

አጎቴ አሰበ። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከሰልባትዮው ቀጥሎ ያለችው የውኃ መለያ ተፈትታ ታጥባ ነበር። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረዳቱንም ንጹሕ ጀሪካን እንዲያመጣ አዘዙት።

እዚህ ላይ ነገሩን ላብራራ። ናፍታ ከሰልባትዮው ተነሥቶ ወደ ሞተሩ የሚመጣው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። ከሰልባትዮው እስከ መሳቢያው ፖምፓ ድረስ ይመጠጣል፤ ከመሳቢያው ወዲህ ይገፋል። የሚገፋበት መስመር ቢቀደድ ናፍታ ይንጠባጠባል፤ ዓይን ያየዋል፤ እጅ ይነካዋል። የሚመጠጥበት መስመር ሲቀደድ ግን ሞተሩ እየሠራ ሳለ ናፍታ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ምልክት የሌለው ቀዳዳ ነው። ሞተሩ በኃይል ሲሠራ ፈጣኑ ፍሰት ጥቃቅኑን አረፋ ይዞት ይነጉዳል። በሚኒሞ ግን ፍሰቱ ዝግ ስለሚል አረፋው ተሰብስቦ ያቺን ግማሽ ጠብታ የሚያህል ቦታ ይይዛል፤ ፖምፓውም ናፍታ የገፋ መስሎት አየር ይጨምቃል። ሌሊት ደግሞ በዚያው ቀዳዳ አየር እየገባ ናፍታው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ የጠዋቱ ልፋት ከዚህ የመጣ ነው። በአንጻሩ ፊልትሮ ሲደፈን ወይም የሰልባትዮው ክዳን መተንፈሻ ሲዘጋ ብዙ ነዳጅ በሚፈለግበት ጊዜ ነው አስቀድሞ የሚታወቀው፤ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። የሽማግሌው የመጀመሪያ ጥያቄ እነዚህን ሁለቱን ለመለየት ነበር።

ጀሪካኑ ከመሳቢያው ፖምፓ ከፍ ብሎ ተሰቀለ፤ ዋናው መስመር ተፈትቶ ከጀሪካኑ የመጣች ብርሃን የምታሳልፍ ቀጭን ላስቲክ በቦታው ገባች። በእጅ ፖምፓው አየሩ ተገፍቶ ወጣ። ሞተሩ ተነሣ፤ ሚኒሞ ላይም ቆመ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። አልጠፋም። እንግዲህ ፖምፓው፣ ጎቨርነሩ፣ ኖዝሎቹና ፒስቶኖቹ ሁሉ በአንድ ጀሪካን ነጻ ወጡ፤ ጥፋተኛው ከሰልባትዮው እስከ መሳቢያው ባለችው አጭር መስመር ውስጥ ነው። መስመሩ ወደ ቦታው ሲመለስ ያቺው ላስቲክ መሐሉ ላይ ገብታ ነበርና አረፋው እንደ ጠላ ድፍድፍ ሲንቦጫረቅ ሁላችንም አየነው።

ጀሪካኑ ባይፈታው ኖሮ መንገዱ ይረዝም ነበር። ቀጥሎ የሚታየው ትርፉ ናፍታ ከፖምፓው ወደ ሰልባትዮ የሚመለስበት ቫልቭ ነው፤ ስፕሪንጉ ከላላ በፖምፓው ውስጥ ሊኖር የሚገባው ግፊት ይወርዳል፤ ይህም በሚኒሞ ይብሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ሲሊንደር በተራ ይጠየቃል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ወደ ኖዝሉ የሚሄደው ቧንቧ ዳዶ በጥቂቱ ይላላል። ድምፁ ከተሰበረ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ አስቀድሞም ሞቶ ነበር ማለት ነው። ስንኝ የሚቆጥር ሰው ይህን ሥራ ይወደዋል፤ አንዲት ቀለም የጎደለችበትን ቤት በጆሮ እንደ መለየት ነው። ነገር ግን ይህ ለአሮጌው ፖምፓ ብቻ ነው። ኮመን ሬል በሚባለው አዲሱ አሠራር በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳልና ዳዶ የሚያላላ ሰው ናፍታ ቆዳውን በስቶ ሊገባው ይችላል። የፖምፓ እድሳት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ፍርድ ነው። በአጎቴ መኪና ላይ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ተፈርዶ ነበር።

የሚኒሞውን ብሎን ማጥበቅም ያው ነው። ብሎኑ ሳይነካ መኪናው ለዓመታት ደህና ከሠራ፣ ብሎኑ በአንድ ሌሊት ራሱን አልፈታም። ዙሩን ከፍ ማድረግ ጉድለቱን አይሞላም፤ ብዙ ነዳጅ እያፈሰሰ ይሸፍነዋል እንጂ። ሰዉ ይህን ሕክምና የሚወደው ወዲያው ስለሚሠራ ነው።

ሽማግሌው መኪናው ሥር ገብተው የውኃ መለያዋን ፈቱ። በመጋጠሚያው ላይ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ከዓመታት በፊት የተገጠመች ናት። መዳብ ሲጠብቅ ይለሰልሳል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ ተቃራኒው ነው። አንድ ጊዜ የተጨፈለቀ መዳብ ይደነድናል፤ ፈትተው መልሰው ሲያጠብቁት ሸካራውን አይሞላም። የታጠበች ዕለት አሮጌዋ ሮንዴላ ተመልሳ ገብታለች፤ በዚያች የጸጉር ያህል ክፍተት አየር ይገባል።

«አዲስ ልግዛ?» አለ አጎቴ።

«ዛሬ እሑድ ነው፤ ሱቁ ዝግ ነው» አሉ ሽማግሌው።

በአጥሩ ጥግ ቡና የምታፈላ ሴት ነበረች። ሽማግሌው ሮንዴላዋን በሽቦ አንጠልጥለው ከከሰሉ ላይ አኖሯት። ፍም መስላ ስትቀላ አወጧትና ውኃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ጣሏት፤ ጢስ አለች። ስትወጣ በጥፍር የምትጫር ለስላሳ ሆናለች። ብረት በዚህ ዓይነት ይደነድናል፤ መዳብ ግን ይላላል። በጨርቅ ጠርገው፣ በጥሩ የአሸዋ ወረቀት አለስልሰው መልሰው ገጠሟት። ላስቲኳ ውስጥ አረፋ መታየቱ ቀረ። ከዚያም የሚኒሞውን ብሎን ሰዓት እያዩ፣ ጆሮአቸውን እያዘነበሉ ወደ ቀድሞው ቦታው መለሱት።

ሞተሩ ቡናው ሦስት ጊዜ እስኪፈላ ድረስ ሳይጠፋ ቆየ። አጎቴ ሂሳብ ሲጠይቅ ሽማግሌው የቡናውን ክፈል አሉት። በማግስቱ ሰኞ ሁለት አዳዲስ ሮንዴላዎች ገዝቶ፣ የብድር ማመልከቻ ቅጹን ይዞበት በመጣው ፖስታ ውስጥ ጠቅልሎ ከመሪው ሥር አስቀመጣቸው። ሐሙስ ዕለት ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ሚሌ ወረደ።